በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የታተመ የእንግሊዝኛ ግጥም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1700 እስከ 1740ዎቹ ድረስ በለንደን የታተመውን ግጥም ማንበብ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የግጥሞቹን ስንኞች የመለስኳቸው እኔው ነኝ።

ዘመኑ ከየት ይጀምራል? የት ያበቃል?

የቀድሞው ትውልድ አውራ ገጣሚ ጆን ድራይደን በ1700 ሞተ፤ አሌክሳንደር ፖፕ ደግሞ በ1744። በሁለቱ ሞት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ገጣሚዎቹ በሮማው ቄሣር በአውግስጦስ ዘመን የነበሩትን ቨርጂልንና ሆራስን አርአያ ስላደረጉ ብዙ ጊዜ በአውግስጦስ ስም ይጠራል። ለኅትመቱ መብዛት አንድ የሕግ ምክንያትም አለ። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ ያስገድድ የነበረው ሕግ በ1695 ሳይታደስ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤቱም ጋዜጣውም በራሪ ወረቀቱም በዛ።

ደረቅና ሕግ የበዛበት ግጥም ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ይህን ስል እያመነታሁ አይደለም። ወቀሳው ግን የቆየ ነው። ማቲው አርኖልድ በ1880 ድራይደንንና ፖፕን የእንግሊዝኛ ግጥም ሳይሆን የእንግሊዝኛ ስድ ንባብ ክላሲኮች ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪ ግጥሞቹን ሳያነብ ፍርዱን ወረሰ።

ችግሩ ያለው በአነባበቡ ላይ ይመስለኛል። ይህ ግጥም ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው። የዘመኑ ዋና ቅርጽ ጥንድ ስንኝ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ዐሥር ቀለም ይይዛል፣ አምስቱ ጠበቅ ተደርገው ይነበባሉ፣ ሁለቱ ስንኞች ቤት ይመታሉ፣ ሐሳቡም በአብዛኛው እዚያው ይዘጋል። የስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አለ። የእኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ይዞ መሐሉ ላይ እንደሚከፈል የሚያውቅ ሰው፣ የፖፕ ስንኝ መሐሉ ላይ ለምን እንደሚያርፍ ማንም ሳይነግረው ጆሮው ይነግረዋል። ልዩነቱ የፖፕ ማረፊያ ቦታውን የሚቀያይር መሆኑ ነው፤ አንዴ ከአራተኛው፣ አንዴ ከአምስተኛው፣ አንዴ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ያርፋል።

ፖፕ በ1711 ስለ ሒስ ባሳተመው ረጅም ግጥም ውስጥ መጥፎ ገጣሚዎችን የሚተቸው ስሕተታቸውን እየሠራ በማሳየት ነው። ዐሥር አጫጭር ቃላት በአንድ አሰልቺ ስንኝ ውስጥ ይድሃሉ የሚለው ስንኝ ራሱ ከዐሥር አጫጭር ቃላት የተሠራ ነው። ያለ አስፈላጊነቱ የሚረዝም ስንኝ እንደ ቆሰለ እባብ ርዝመቱን እየጎተተ ይሄዳል ሲልም ስንኙን ወደ ዐሥራ ሁለት ቀለም አርዝሞ ያስጎትተዋል። ይህን ሲጽፍ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። መሳሳት የሰው ነው፣ ይቅር ማለት የአምላክ፤ ጥቂት ዕውቀት አደገኛ ነገር ነው፤ መላእክት ለመርገጥ የሚፈሩትን ቦታ ሞኞች ዘለው ይገቡበታል፤ እነዚህ ሁሉ ከዚያው ከአንድ ግጥም የወጡ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከሼክስፒር የመጡ ይመስሉታል።

በሰምና ወርቅ ያደገ አንባቢ በተለይ የሚደሰትበት ሌላ ብልሃት አለ። ፖፕ አንድ ግስ ላይ ክብደታቸው የማይመጣጠን ሁለት ነገሮችን ይጭናል። አንዲት ወይዘሪት ላይ መከራ ሊደርስ ነው፤ የሚጠብቋት መናፍስት ግን ምን ዓይነት መከራ እንደሆነ አላወቁም። ክብሯን ታጎድፍ ይሆን ወይስ አዲሱን የሐር ቀሚሷን? በጭፈራው ላይ ልቧን ትጥል ይሆን ወይስ የአንገት ሐብሏን? ሁለተኛውን ጥያቄ ወደ አማርኛ ስመልሰው ልቤ ሞቀ፤ ልብ መጣል የሚለው የራሳችን አነጋገር የፖፕን ጨዋታ ምንም ሳያጎድል ተሸክሞታልና። የእኛ ኅብረ ቃል አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ፍቺ ይደብቃል፤ የፖፕ ግስ ሁለቱንም ፍቺ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ያ ኅብረተሰብ ክብርንና ቀሚስን በአንድ ሚዛን እንደሚመዝን ያሳያል።

ከየትኛው ግጥም ልጀምር?

ከላይ ያለው የክብርና የቀሚስ ጥያቄ ከወጣበት ከዚያው የፖፕ ግጥም። የእንግሊዝኛ ርእሱ «ዘ ሬፕ ኦቭ ዘ ሎክ» ነው፤ በአማርኛ «የጸጉሯ ዘለላ ንጥቂያ» ልበለው። በርእሱ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ የወሲብ ጥቃትን ብቻ የሚያመለክት ስለሆነ አንባቢ ይደነግጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን በኃይል ነጥቆ መውሰድ የሚል ሰፊ ፍቺም ነበረው። ፖፕ ትንሹን ነገር በትልቁ ቃል የጠራው ሆን ብሎ ነው።

ታሪኩ እውነተኛ መነሻ አለው። ሎርድ ፒተር የተባለ ወጣት ባላባት የአራቤላ ፈርሞርን አንድ ዘለላ ጸጉር ሳያስፈቅድ በመቀስ ቆረጠ፤ ሁለቱ የካቶሊክ ቤተሰቦች ተኳረፉ። የጋራ ወዳጃቸው ጆን ካሪል ጉዳዩን በሳቅ እንዲያበርደው ፖፕን ለመነው። የመጀመሪያው እትም በ1712 ወጣ፤ 334 ስንኝ ነበር። በ1714 ፖፕ ከእጥፍ በላይ አሰፋው፤ ወይዘሪቷን የሚጠብቁ የአየር መናፍስትንና እንደ ጦርነት የሚተረክ የካርታ ጨዋታን ጨመረበት። ይህ እትም በአራት ቀን ውስጥ 3000 ቅጂ ተሸጠ።

ግጥሙ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜር ስለ ጀግናው አኪሌስ በተናገረበት ድምፅ ስለ መስታወት ፊት ዱቄትና ቅባት ይናገራል። ከመኳኳያው ጠረጴዛ ላይ የፊት ዱቄት፣ መጽሐፍ ቅዱስና የፍቅር ደብዳቤ በአንድ ስንኝ ተደርድረው ይታያሉ። መቀሱ ሲዘጋ ዘለላውን ሊያድን መሐል የገባ አንድ መንፈስ ለሁለት ይቆረጣል፤ ግን አካሉ አየር ነውና ወዲያው መልሶ ይገጥማል። ጸጉሩ ከጠብ በኋላ ይፈለጋል፣ ይታጣል፤ መጨረሻ ላይ ሰማይ ላይ ኮከብ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛውን ክፍል ሲያነቡ ቀስ ይበሉ። ካርታው ካለቀ በኋላ ቡና ይቀርባል፤ ፍሬው ይንጣጣል፣ ወፍጮው ይዞራል፣ ከብር ጀበናው ትኩስ ይቀዳል። ቡና ፖለቲከኛውን ብልህ ያደርገዋል፣ በግማሽ በተከደኑ ዓይኖቹም ሁሉን አሳልፎ እንዲያይ ያደርገዋል ይላል ፖፕ። እንፋሎቱ ወደ ባላባቱ አእምሮ ወጥቶ ዘለላውን የሚቆርጥበትን ዘዴ የሚያቀብለውም እዚያው ነው። በዚያ ዘመን ለንደን የሚደርሰው ቡና በአብዛኛው ከየመኑ የሞካ ወደብ የሚጫን ነበር፤ ተክሉ ግን የትውልድ አገሩ ከባሕሩ ማዶ፣ እኛ ዘንድ ነው። ቡና በእንግዳ ፊት ሲቆላ እየሰማ ያደገ ሰው ያንን መንጣጣት ያለ ግርጌ ማስታወሻ ይረዳዋል።

አንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ቤት አይመታም። ገጣሚው ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም፤ አነጋገሩ ተቀይሮ ነው። ሻይን የሚጠሩበት ቃል ያኔ «ቴይ» ተብሎም ይነበብ ስለነበር፣ መታዘዝ ከሚለው «ኦቤይ» ጋር በትክክል ይገጥማል። «ጆይን» የሚለውም «ጃይን» ይባል ነበርና ከ«ላይን» ጋር ቤት ይመታል። ቤት የፈረሰ ሲመስልዎ መጀመሪያ የድሮውን አነባበብ ይሞክሩ።

የድሮው እትም ፎቶ ላይ ፊደሎቹ እንግዳ ሆኑብኝ። ምንድን ነው?

የቃል መጀመሪያና መሐል ላይ የሚገባው ረጅሙ ኤስ ከኤፍ ጋር ይመሳሰላል፤ መሐሉን የሚያቋርጠው መስመር ግን ሙሉ አይደለም። ሁለት ሦስት ገጽ ካነበቡ በኋላ ዓይን ይለምደዋል። ብዙ ስሞች በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ይህ የዘመኑ የአታሚዎች ልማድ ነው። ጭረት ገብቶባቸው ያጠሩ ቃላት ደግሞ የቀለም ቁጥሩ ዐሥር እንዲሆን የታጠፉ ናቸውና ሲያነቡ አይዘርጓቸው።

ለአንድ መጽሐፍ 1713/14 ተብሎ ሁለት ዓመት የሚጻፈው ለምንድን ነው?

ይህን ከማንም ይልቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቶሎ ይረዳዋል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የምትጠቀመው በጁልያን አቆጣጠር ነበር፤ ሕጋዊው ዓመትም የሚጀምረው በማርች 25 ነበር። ቀኑ ቅዱስ ገብርኤል ማርያምን ያበሠረበት በዓል ነው። ወደ እኛ ብንመልሰው መጋቢት 29 ላይ ይውላል፤ እኛም ጽንሰቱን በዚያው ዕለት እናከብራለን። እንግዲህ ሰፊው የፖፕ ግጥም የወጣው ማርች 4 ቀን ነበርና በእነሱ የሕግ አቆጣጠር ገና 1713 አላለቀም፤ በዛሬው ግን 1714 ገብቷል።

ገጣሚዎቹ በምን ይተዳደሩ ነበር?

ብዙዎቹ በመኳንንት ደጅ በመጥናት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመንግሥት ሹመት ነበር። ፖፕ ግን ይህ መንገድ ተዘግቶበት ነበር። ካቶሊክ ስለነበረ ዩኒቨርሲቲ መግባትም ሆነ የመንግሥት ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሕጉ ካቶሊኮችን ከለንደን ዐሥር ማይል እንዲርቁም ያዝዝ ነበር። በልጅነቱ የያዘው የአከርካሪ ነቀርሳ ጀርባውን አጉብጦት ቁመቱ ከ1.37 ሜትር ብዙም አላለፈም።

ጆን ሚልተን በ1667 ታላቁን ሥራውን ሲሸጥ በፊርማው ጊዜ የተቀበለው 5 ፓውንድ ነበር። ፖፕም ለ1712ቱ አጭር እትም ያገኘው 7 ፓውንድ፣ ለተጨመረው ክፍል ደግሞ 15 ፓውንድ ነው። ከዚያ ሆሜርን ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ተነሣና አንባቢዎችን በቅድሚያ አስመዘገበ፤ ስድስት ቅጽ፣ እያንዳንዱ አንድ ጊኒ፤ ጊኒ ከአንድ ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ የወርቅ ገንዘብ ነበር። በርናርድ ሊንቶት የተባለው አሳታሚም ለየቅጹ 200 ጊኒ ይከፍለው ነበር። ከ1715 እስከ 1720 ድረስ የወጣው ኢልያድ 5000 ፓውንድ ገደማ አስገባለት፤ በ1719 በቴምዝ ወንዝ ዳር ትዊክናም ላይ ቤት ተከራይቶ የአትክልት ቦታውን ራሱ እየቀየሰ ኖረ። በኋላ ለሆሜር ምስጋና ይድረሰውና የማንም መስፍንና ባላባት ባለዕዳ ሳልሆን እኖራለሁ ብሎ ጻፈ። ያ ስንኝ ለእኔ ከግጥሞቹ ሁሉ ኩራት የሚሰማበት ነው።

ሕጉም ረድቷል። በ1710 ሥራ ላይ የዋለው የንግሥት አን ሕግ ለደራሲው የ14 ዓመት የቅጂ መብት ሰጠ፤ በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ይታደሳል። ሆኖም ሳያስፈቅድ የሚያትም አልጠፋም፤ በዚህ ስሙ የገነነው ኤድመንድ ከርል ነበር። ፖፕ በ1716 ከመጠጥ ጋር የሚያስመልስ መድኃኒት ቀላቅሎ ሰጠው፤ ያንኑም ራሱ በጽሑፍ አወጣው።

ጆናታን ስዊፍት ግጥም ጽፏል?

በስድ ንባቡ የሚታወቀው ስዊፍት ግጥምም ጽፏል፤ ያውም ከዘመኑ ሁሉ ጭቃው እጅ ላይ የሚቀር ግጥም። በኦክቶበር 1710 ታትለር በተባለው ጋዜጣ ላይ የወጣው የከተማ ዝናብ መግለጫው የሚጀምረው ዝናብ ሊመጣ ሲል በሚታዩ ምልክቶች ነው፤ ድመቷ ጭራዋን ማሳደድ ትተዋለች፣ የፍሳሹ ሽታ ይብሳል፣ የእግር ኪንታሮት ያለበት ሰው ያመዋል። ዝናቡ ሲወርድ አንዲት ሠራተኛ ከገመድ ላይ ልብስ ለማንሣት ትሮጣለች። ሴቶች ወደ ሱቅ ገብተው ዋጋ ይከራከራሉ፤ አንድም ዕቃ ግን አይገዙም። ባላንጣ የሆኑት የሁለቱ ፓርቲዎች ሰዎች ሰው ሠራሽ ጸጉራቸው እንዳይበሰብስ አንድ ጣራ ሥር ይጠለላሉ። መጨረሻ ላይ ጎርፉ የሥጋ ቤቱን ደምና አንጀት፣ የሰጠሙ ቡችሎችን፣ የሞቱ ድመቶችንና የአትክልት ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ክረምት ላይ ሱቅ በር ቆሞ ዝናብ ያሳለፈ ሰው ሁሉ ያንን የማስመሰል ክርክር ያውቀዋል።

ሴት ገጣሚዎች ነበሩ?

ነበሩ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው አን ፊንችን ነው። በቤተ መንግሥት፣ በኋላ ንግሥት የሆነችው የሜሪ ኦቭ ሞዴና አጃቢ ነበረች፤ ንጉሡ በ1688 ሲገለበጥ እሷና ባሏ ለአዲሱ ንጉሥ አልማልም ብለው ኬንት በሚባለው አውራጃ ገጠር ውስጥ ተቀመጡ። የግጥም መድበሏ በ1713 ታተመ። ግጥም ልትጽፍ ብዕር ያነሣች ሴት የወንዶችን መብት እንደ ደፈረች ትቆጠራለች ብላ የጻፈችውን መግቢያ ግን ከመጽሐፉ አስቀረችው፤ በሕይወት ሳለች አልታተመም።

ስለ ሌሊት የጻፈችው ግጥም 50 ስንኝ ነው፤ ሁሉም አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ነው። በጨለማው ውስጥ የተለቀቀ ፈረስ እየጋጠ ቀስ ብሎ ይመጣል። ረጅሙ ጥላውና የሹልክታ እርምጃው ያስፈራል፤ ሣሩ በጥርሱ ሲበጠስ እስኪሰማ ድረስ። ፍርሃቱ የሚፈታው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ገጠር አድሮ የሚያውቅ ሰው ያቺን ቅጽበት አይስታትም።

ሌላዋ ሜሪ ኮሊየር ናት፤ ልብስ አጣቢ ነበረች። ስቲቨን ደክ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ስለ እህል መውቃት ድካም በ1730 በታተመ ግጥሙ የሴቶችን ሥራ አቃልሎ ነበር። እሷ በ1739 መለሰችለት፦ ወንዱ ከአውድማ ሲመለስ ያርፋል፤ ሴቷ ግን ከማሳ ገብታ ምግብ ታበስላለች፣ ልጅ ታስተኛለች፣ ሌሊት ተነሥታ የሰው ልብስ ታጥባለች።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ ተጠቅሳለች?

አዎን፤ ያውም ጎጃም በስሟ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ቶምሰን በ1726 ስለ ክረምት ግጥም አሳተመ፤ በ1730 አራቱን ወቅቶች አንድ መጽሐፍ አደረጋቸው። ቤት በማይመታ ስንኝ የተጻፈ ነው። የበጋው ክፍል በ1744ቱ የተስፋፋ እትም ውስጥ ወደ ሞቃቱ ምድር ይጓዛል። ገጣሚው የግጥም መንፈሱን ከቅፍለቱ ፈጥነሽ በሴናር ሸለቆ እለፊ፣ የኑብያን ተራራ ውጪ፣ የቀናተኛይቱን የአቢሲንያን ድብቅ ድንበር በድፍረት ጥሰሽ ግቢ ይላታል።

ቀጥሎ የሚለው ነው የሚያስደንቀኝ። አንቺ በንግድ ጭምብል ሀብታቸውን ልትዘርፊ የመጣሽ ወንበዴ አይደለሽም፤ ከእርስ በርስ ቁስል ገና በቀላች ምድር ላይ የሮምን አገዛዝ ልትዘረጊ በተባረከ ሰይፍ ሰላማቸውን የምትወጊም አይደለሽም፤ እንደማትጎዳ ንብ ከአበባ ወደ አበባ ተዘዋወሪ ይላታል። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ አፄ ሱስንዮስን፣ የኢየሱሳውያንን መምጣትና በ1632 ዙፋኑ ለፋሲለደስ የተላለፈበትን ደም ያስታውሳል። ቶምሰን ፕሮቴስታንት ነበርና ሮምን መጥላቱ አይገርምም። ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ተቀምጦ የዚያችን አገር ቁስል ማሰቡን አከብርለታለሁ።

ከዚያ ዓባይ ይመጣል። በፀሐያማው የጎጃም ግዛት ከሁለት ምንጮች ንጹሕ ሆኖ ይፈልቃል፤ በውቢቱ ደንቢያ ብሩህ ሐይቅ መሐል የሕፃንነት ጅረቱን ያሳልፋል፤ መዓዛማና ሁልጊዜ አረንጓዴ በሆኑት ደሴቶች መካከል የልጅነት ጨዋታውን ይጫወታል። አውሮፓውያን ያኔ ጣናን በሰሜን ዳርቻው ባለው አገር ስም ይጠሩት ነበር። ቶምሰን አገሩን በዓይኑ አላየም፤ ስሞቹ ወደ አውሮፓ የገቡት በኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች ነው። ከእነዚህ የአንዱን፣ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ፣ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። በደሴቶቹ ላይ ቶምሰን ያስቀመጠው የግሪክ የውኃ ልዕልቶችን ነው። እዚያ የሚቆመውን ማሕሌትና የሚመታውን ከበሮ አልሰማም።

ወደ አማርኛ መተርጎም እችላለሁ? ፈቃድስ ያስፈልጋል?

ግጥሞቹ የማንም ንብረት አይደሉም፤ የቅጂ መብታቸው ካበቃ ዘመናት አልፈዋል። በፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ብዙዎቹ በነጻ ይገኛሉ። የዘመናችን አዘጋጆች የጻፏቸው መግቢያዎችና ማስታወሻዎች ግን መብት ሊኖራቸው ይችላልና እነሱን ሳያስፈቅዱ አይተርጉሙ።

ከቶምሰን ወይም ከስዊፍት መጀመር ይቀልላል፤ ምስላቸው ቃል ሲቀየርም አይጠፋም። የፖፕ ጥንድ ስንኝ ግን የመጨረሻው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያ ቃል ከቦታው ከተነሣ ቀልዱም ቁጣውም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቃል ያግኙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሂዱ። ፖፕ ስለ ንግሥት አን ቤተ መንግሥት በጻፈው ስንኝ ላይ ለረጅም ጊዜ ስታገል የቆየሁት ሻይን መጨረሻ ላይ ለማስቀረት ነበር። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦

ሦስት መንግሥት የሚገዛልሽ አንቺ ታላቅ አና ሆይ፣
እዚህ አንዳንዴ ምክር ትቀበያለሽ፣ አንዳንዴም ሻይ።